ዘራፍ ከማኪያቶ ጋር

ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ አጠገብ፣ እኛ በምንሰበሰብበት ካፌ፣ በቦክስ ተሸንፎ የሚያውቅ አበሻ የለም። ተጋጥሞ የሚያውቅም የለም፤ ምስጢሩ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ትልቅ ግጥሚያ ያለ ዕለት ማታ ወንዶቻችንን ማየት ነው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አንድ ሲሰነዝር የኛዎቹ ሦስት ይሰነዝራሉ። አንገት ይሰበቃል፣ ትከሻ ይነቀነቃል፤ እስክስታ ይሁን ቡጢ አይለይም። «ግራህን ልቀቅበት እንጂ! ግራህን!» ይሉታል በአማርኛ፤ ሰውየው ስለማይሰማ ይሸነፋል። ባለፈው አንዱ ከወንበሩ ሳይነሣ በሰነዘረው ቀኝ የራሱን ማኪያቶ ዘረረ። አስተናጋጇ ጨርቅ ይዛ መጥታ እስከ አሥር ቆጠረችለት።

ከሁሉም የምወዳቸው ግን አንድ ጋሼ ናቸው። የሳቸው ነገር ሁልጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ድንኳን ነው። ግንቦት 13 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ሜይ 21 ቀን 1989፣ እዚሁ ፓርኩ ውስጥ በተተከለ ግዙፍ ድንኳን ናይጀል ቤን ከማይክል ዋትሰን ጋር ተጋጠመ። ቤን እስከዚያ ዕለት 22 ጊዜ ተጋጥሞ 22ቱንም በዝረራ የጨረሰ ጉድ ነበር። ዋትሰን ምን አደረገ? ሁለት ክንዱን እንደ መዝጊያ ገጥሞ ጠበቀው። ቤን አንኳኳ፣ ደበደበ፣ ግንብ የሚያፈርስ መሰለ። 22 በር በርግዶ የገባ ሰው፣ 23ኛው እምቢ ቢለው ምን እንደሚያደርግ ለካ አስቦበት አያውቅም። ስድስተኛው ዙር ላይ ትንፋሹ አልቆ፣ ዋትሰን በግራው ቀጥ አድርጎ ቢያቀምሰው ወደቀ፤ ተቆጥሮበት አለቀ። ድንኳን በኛ አገር ወይ ለሠርግ ነው ወይ ለለቅሶ፤ የዚያን ማታው ለሁለቱም አገለገለ።

«ፊት ለፊት ነበር የተቀመጥኩት» ይላሉ ጋሼ። ችግሩ፣ ግንቦት 8 ቀን 1981፣ ጄኔራሎቹ በመንግሥቱ ላይ የተነሡ ዕለት፣ መከላከያ ሚኒስቴር ደጃፍ ቆመው ተኩሱን ሲሰሙ እንደነበርም የሚያወሩት እሳቸው ናቸው። በአምስት ቀን! ከመፈንቅለ መንግሥት ወደ ቦክስ! ቪዛውን ማን እንደሰጣቸው ጠይቆ የሚያውቅ የለም፤ ወሬው እንዳይቋረጥብን።

ቤን ያን ማታ ፀጉሩን ተሠርቶ ነው የገባው፤ ሰዓታት ተቀምጦ ነው የተሠራው ይባላል። እኔ ይህን የሰማሁ ዕለት ፍርዴን ሰጠሁ። ሹሩባ የተሠራሁ ቀን ትራስ እንኳ የማልችል ሴት ነኝ፤ ሰውየው ቡጢ ሊችል ኖሯል?

በካፌያችን ፉከራ ብስቅም፣ አባቶቻችንን ግን አላማቸውም። የነሱ ፉከራ ጠላት ማስፈራሪያ ብቻ ሳይሆን የራስን ፍርሃት ማባረሪያም ነበር። ዘራፍ ያለ ሰው ምስክር ፊት ቃል ገብቷልና መመለሻ የለውም። የዛሬዎቹ ቦክሰኞች ሚዛን ላይ ወጥተው አፍንጫ ለአፍንጫ ሲፋጠጡ የሚያደርጉት ያንኑ ነው፤ ጎፈሩ ብቻ ጎደላቸው። እኛ ደግሞ ዘራፉን ይዘን፣ ውጊያውን ትተን፣ በኬክ እናወራርደዋለን።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ተመዝግቤያለሁ። የሴቶች ቦክስ ልምምድ አለ ሲሉኝ መጀመሪያ የገዛሁት ጓንት ነው፤ ቀዩን፣ ከጫማዬ ጋር የሚሄደውን። መስተዋት ፊት ስቆም ራሴን ፈራሁት። የተንጠለጠለውን ጆንያ እንዴት እንደወቃሁት! ጆንያ ደግነቱ መልስ አይሰጥም። ሰው ፊት ለፊቴ ሲቆም ግን አርባ ሰከንድ ሳይሞላ እግሬ ውሃ ሆነ። ለካ ትንፋሼን ይዤ ነው የምማታው። አሰልጣኛችን ፍርሃት መጀመሪያ የሚሰርቀው ትንፋሽ ነው፣ በተሰነዘረ ቁጥር በድምፅ ይውጣ አለ። አወጣሁት፦ «እሽ! እሽ! እሽ!» አዳራሹ ሙሉ ቦክስ ሲማር እኔ ስጥ ላይ የወጣች ዶሮ አባርራለሁ።

ይባስ ብሎ አንድ ቀን ተጋጣሚዬን አፍንጫዋ ላይ አገኘኋት። «እኔን!» አልኩ፣ ልቤ ጥፍት ብሎ። ምን ማለትሽ ነው አለችኝ። «በአንቺ ፋንታ እኔን ያድርገኝ» እንደማለት ነው ብዬ ተረጎምኩላት። ሴትየዋ ጨዋ ናት፤ የለመንኳትን ወዲያው ፈጸመችልኝ።

በሦስተኛው ወር የወዳጅነት ግጥሚያ ተዘጋጀ። የእኅቴ ልጅ በስልኳ ልትቀርጸኝ፣ አዲስ አበባ ልትልከው ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ በተንጨባረረ ፀጉር አይታይም። ዋዜማውን ሰቨን ሲስተርስ መንገድ ላይ አንዲት ጓደኛዬ ቤት አራት ሰዓት ተቀምጬ ሹሩባዬን ተሠራሁ፤ ቀጭን፣ ጥብቅ ያለ፣ ዓይን የሚወጥር።

በማግስቱ የራስ መከላከያው አልገባም አለ። አሰልጣኙ ከላይ ይጫናል፣ እኔ ከታች እጮሃለሁ፤ ደወሉ ሳይደወል እንባዬ መጣ። ሊያበረታቱኝ የመጡት ጋሼ ከፊት ወንበር ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለቤንም ነግሬው ነበር» አሉ።