የምን እንደሆነ የማትናገር ቺፕ

ማዘርቦርድ ላይ ሙቀት፣ ቮልቴጅና የፋን ፍጥነት የምትለካ ቺፕ አለች። ዕድልህ ቀና ከሆነ የናሽናል ሴሚኮንዳክተሯ ኤልኤም78 ወይም አንዷ ዘመዷ ትደርስሃለች፤ ማኑዋሏን አውርደህ ለሊኑክስ ድራይቨሯን ትጽፋለህ። የእኔዋ ግን ዘር ማንዘሯ አይታወቅም። ጀርባዋ ላይ ያለውን ቁጥር የትም ብፈልገው የለም፤ የሠራት ኩባንያም ጭጭ ብሏል።

ሬጅስተሮቿን ስታነብ ቁጥር ትዘረግፍልሃለች፤ 197፣ 41፣ 255፣ 127። የምን? እሱን አትነግርህም።

127ን መገመት አይከብድም። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ እውነት 127 ቢሆን ኖሮ ጀበናውን እዚያው በጣድን። ጫፉ ላይ ምንም ያልተገጠመለት የሙቀት መለኪያ እንዲህ ይቀባጥራል። 255 ደግሞ ነገረ ሥራዋ የተገላቢጦሽ ነው። የሚቆጠረው ፋኑ ለመዞር የፈጀበት ጊዜ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ፋኑ ፈጠነ ማለት ነው፤ 255 ሲሞላ ቆሟል።

ያሰቃየችኝ 197 ናት። የእነዚህ ቺፖች አቅም 4 ቮልት ገደማ ስለሆነ 12 ቮልቱ የሚደርሳቸው በሁለት ሬዚስተር ተቀንሶ ነው። በስንት እንደተቀነሰ የሚያውቀው ቦርዱን የሠራው ሰውዬ ብቻ! እንደ ኤልኤም78 አንዱን በ16 ሚሊቮልት አሰብኩት፤ 3.15 መጣ። የተለመዱትን 28 እና 10 ኪሎኦም ይዤ በ3.8 ሳባዛው 12 ላይ ቁጭ አለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ሬጅስተሮቿ ላይ በጭፍን መጻፍ ግን አይሞከርም። ድሮ ሴንሰር የሚፈልግ ፕሮግራም የአንዳንድ አይቢኤም ቲንክፓዶችን ሚሞሪ ቺፕ አበላሽቶ ላፕቶፖቹ አልነሳም ብለው ቀርተዋል። ስለዚህ እያነበቡ ብቻ መነካካት ነው። 41 የየትኛው ጥግ ሙቀት እንደሆነች ለማወቅ የእህቴን ፀጉር ማድረቂያ አምጥቼ ቦርዱን ጥግ በጥግ አሞቅ ጀመር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣

«አጥበኸው ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አይ እማዬ፣ ሙቀቱን እየለካሁ ነው።»

«እያሞቅከው?»

መልስ የለኝም። 41 ግን ፕሮሰሰሩ አጠገብ 44 ገባች፤ ተያዘች!

የሊኑክስ ከርነል ከነጥብ ቁጥር ጋር ስለማይስማማ ሙቀት በሺህ ተባዝቶ እንዲሰጠው ይፈልጋል። ድራይቨሩ ሲሠራ ስክሪኑ ላይ 41000 ብቅ አለ። እናቴ ጠጋ ብላ አነበበችው።

«ይኼ ሁሉ የዚህ ወር መብራት ነው?» ብላ ሶኬቱን ነቀለችው።