ከካቻምና ወዲያ

አማርኛ ያለፈ ዓመት ሲቆጥር ቶሎ ይደክመዋል። ለአንዱ አምና፣ ለሁለተኛው ካቻምና አለው፤ ከካቻምና ወዲያ ገደል ነው። ሦስት ዓመትም ይሁን ሦስት መቶ «ድሮ» ብለን እንገላገላለን፤ ነገሩን ማክበር ሲያሰኘን «ጥንት» እንለዋለን። «የዛሬ ሦስት ዓመት» እንል የለም ወይ የሚል ይኖራል። እንላለን፤ ግን እሱ ከዛሬ የተበደርነው ነው፣ ብድሩም ጣጣ አለው። «የዛሬ ዓመት» ያለ ሰው ግሡን እስኪያመጣ ድረስ ስላለፈ ተዝካር ይሁን ስለሚመጣ ሠርግ የሚያወራው አይታወቅም። እንግሊዞችም «ዮር» የሚሏት ያረጀች ቃል አለቻቸው፤ የእነሱዋ ግን ጡረታ ወጥታ ተረት ውስጥ ተቀምጣለች፤ የእኛው ድሮ እስከ ዛሬ ገበያ ይውላል።

ይህን አይቶ ሐበሻ መቁጠር አይችልም የሚል ካለ ጎጃምን አያውቅም። ደብረ ኤልያስ ወይም ዲማ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሊቅ 2018 ላይ 5500 ይደምርና 7518ን ለአራት ያካፍላል፤ ሁለት ሲተርፈው ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ መሆኑን ይነግርሃል (ደብረ ማርቆሶች ደስ ይበላችሁ)። ይኸው ሊቅ ስለ ማር ዋጋ ሲጠየቅ ግን «ድሮማ!» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ድሮ የምንለው መቁጠር አቅቶን ሳይሆን መቁጠሩ የሚያስገኝልን ነገር ስለሌለ ነው። ጥቅም በነበረበት ጊዜማ የጎጃም ባላገር ድሮን በጣቱ ቆጥሮታል። ርስት ከመቅረቱ በፊት የመሬት ድርሻ የሚጠየቀው ከአቅኚው አባት ጀምሮ በአባትም በእናትም ወገን ትውልድ እየተቆጠረ ነበር። በዚያ ሙግት «ከድሮ ጀምሮ የኛ ነው» ማለት አያዋጣም፤ ባላጋራም የሚለው ያንኑ ነውና። እገሌ እገሌን ወለደ እያሉ መውረድ ግድ ነው፤ ቅድመ አያት የዘለለ ማሳ ዘለለ። በ1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ያን ሁሉ ሒሳብ ሥራ አስፈታው። ለድሮ የቀረለት ናፍቆት ነው፤ ናፍቆት ደግሞ ቁጥር አይጠይቅም።

ለጋብቻስ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር የለም? ይቆጠራል፤ ይህም ነገሬን ያጠናክርልኛል እንጂ አያፈርስብኝም። ክልከላው ሰባት ላይ ሲያበቃ ቆጠራውም እዚያው ይቆማል፤ ስምንተኛውን አያት ማንም አይፈልጋቸውም። ዕድሜም እንዲሁ ነው። የልደት ወረቀት የሌላቸው እናት «ጣሊያን በገባ በዓመቱ ተወለድኩ» ካሉ 1929 ማለታቸው ነው፤ «በላይ ዘለቀ በተሰቀለ ጊዜ» ካሉ 1937። ዕድሜያቸውን መናገር ሲፈልጉ እንዲህ ከዘመን መዝገብ የማይተናነስ ልክ ያወጣሉ፤ መናገር ካልፈለጉ «ድሮ ነው እንጂ ልጄ» ይላሉ፣ ያኔ የሚጠይቃቸው ጅል ነው።

ገበያ ላይ ደግሞ ድሮ ካቻምናን እንኳ አይጠብቅም። ማኛ ጤፍ «በድሮው ዋጋ ይሁንልኝ» የሚል ሸማች የሚጠራው ያለፈውን ፋሲካ ነው። ቀኑን እንዳይጠራ፣ ስድስት ወር አለመሙላቱ ይታወቅበታል፤ ድሮ ሲል ግን አያት ቅድመ አያቱ ሁሉ በዚያ ዋጋ የገዙ ይመስላል። ነጋዴዋም መቼ ብላ አትጠይቀውም። «ድሮ ቀረ!» ትለውና ሚዛኗን ይዛ ወደሚቀጥለው ሸማች ትዞራለች።