ቡና የለበትም?

እኛ ባዶ እጃችንን መንገድ አንወጣም፤ ባዶ እጃችንንም አንመለስም። ከወለጋ ማንጎ፣ ከአርባ ምንጭ ሙዝ፣ ከጉራጌ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ሳይዝ ዘመድ ቤት የገባ ሰው "እጁን እያወዛወዘ መጣ" ተብሎ ይታማል። ስለዚህ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሰው ብቻ አይጭንም። ጣሪያው ላይ በማዳበሪያ የታጨቀ ፍራፍሬ፣ ወንበር ሥር በፌስታል የታሰረ ችግኝ፣ የአንዷ እናት ጭን ላይ ደግሞ ከነአፈሩ የተነቀለ ጤና አዳም አብሮ ይጓዛል።

ኬላ ላይ አውቶቡሱ ይቆማል። ፈታሹ አንዱን ማዳበሪያ መታ መታ ያደርጋል።

"ይኼ የማን ነው?"

"የኔ ነው ልጄ፤ ማንጎ ነው።"

"ቡና የለበትም?"

"ኧረ በማርያም! ለልጆች የያዝኩት ነው።"

"እስቲ ይፍቱት።"

ይፈታል። ማንጎው ትኩስነቱ እንዲታወቅ ከነቅጠሉ ነው የተቀጠፈው። ልጣጩም ቅጠሉም ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጥብ በነጥብ ሆኗል። ፈታሹ እጁን እስከ ክርኑ ይከታል፣ ቡና ይፈልጋል፣ ያጣል። ከዚያ ነጩን ነገር ከእጁ ያራግፍና "መልካም መንገድ፣ እናቴ" ብሎ ይወርዳል። ነጩ ነገር ቀረጥ ስለሌለበት አለፈ።

ነጩ ነገር ግን ስም አለው፤ ነጭ የማንጎ ስኬል የሚባል ተባይ ነው። አገራችን ውስጥ መኖሩ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ምሥራቅ ወለጋ፣ ጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ ሎኮ ላይ ነው። የሚገርመው የሴቷ ኑሮ ነው። ክንፍ የላትም፤ ካደገች በኋላ እግርም የላትም። ቅጠሉ ላይ ተለጥፋ፣ የሰም ጋሻዋን ተከናንባ፣ የዛፉን ፈሳሽ እየመጠጠች ዕድሜዋን እዚያው ትጨርሳለች። ጫጩቶቿ ጥቂት ይድሃሉ፤ ነፋስ ካገዛቸው ጎረቤት ዛፍ ይደርሳሉ። ከዚያ በላይ አቅም የላቸውም። ታዲያ ይህ እግር አልባ ዘር ከወለጋ ተነስቶ ስምጥ ሸለቆ የገባው በማን እግር ይመስላችኋል? ተሸካሚዎቹ እኛው ነን፤ ያውም ሒሳቡን ከፍለን፣ ለረዳቱ የጭነት ጨምረንለት።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። የዕፅዋት ኳራንቲን ደንባችን በ1992 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ስለሆነ ዛሬ ጎልማሳ ነው። ቦሌም ሞያሌም ተቆጣጣሪ አለ። ችግሩ ዓይናችን ያለው የውጭው በር ላይ መሆኑ ነው። ሾልኮ የገባ ተባይ ከወረዳ ወረዳ፣ ከክልል ክልል ሲዘዋወር "ወዴት ነህ?" የሚለው የለም። እኛ ለመዘዋወር መታወቂያ እንጠየቃለን፤ እሱ አይጠየቅም።

ደግሞ ኳራንቲን የማይገባን ሕዝብ አይደለንም። ያው ሰው ዋሽንግተን ሲያርፍ እዩት። ያቺ ጆሮዋ የተንጠለጠለ ቢግል ውሻ ሻንጣውን ስታሸት ላቡ ጠብ ይላል። ተክል፣ ፍራፍሬ፣ ዘር ይዞ ሳይናገር የተገኘ መንገደኛ ለመጀመሪያ ጥፋቱ እስከ 1,000 ዶላር ሊቀጣ እንደሚችል በቃሉ ያውቃል። አውሮፕላን ላይ የተሰጠችውን ብርቱካን እንኳ ሰው እያየለት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይጥላታል። አገር ቤት ሲመለስ ግን ከግቢው የቆረጣትን የጽጌረዳ ቅርንጫፍ በእርጥብ ካልሲ ጠቅልሎ፣ ጫማ ውስጥ ወትፎ ቦሌ ይገባል። "ይቺን ማን ያያታል!" ይላል። እውነቱን ነው፤ ማንም አላያትም። እዚያ ሕግ የነበረው እዚህ ሲደርስ ምክር ሆነ።

በዘመድ አዝማድ መካከል ሲሆን ነገሩ ይብሳል። እንሰትን ውሰዱ። አጠውልግ የሚባለውን የባክቴሪያ በሽታ ተመራማሪው ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋር በ1968 (እ.ኤ.አ.) በጥናት አሳውቀዋል። አንዱ መተላለፊያው የታመመውን ቆርጦ ጤነኛውን የሚቆርጥ ቢላዋ፣ ሌላው ከታመመ ማሳ የተወሰደ ችግኝ ነው። መድኃኒት አልተገኘለትም፤ መከላከያው ግን ቢላዋን በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጠብ ነው። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ግን ለእርዳታ የመጣ ጎረቤትን "አያ፣ ቢላዎን እሳት አስነክተውታል?" ብሎ መጠየቅ ምን ማለት ነው? ቤትህን ጠረጠርኩት፣ በሽታ አመጣህብኝ ማለት ነው። ስለዚህ እንሰቱ ይሙት እንጂ ጉርብትናው አይነካም።

የመሥሪያ ቤቶቻችን ነገርስ? የተከላ ቀን ሲደርስ ችግኝ በአይሱዙ ከዞን ዞን ይጋዛል። መኪናው ላይ ባነር፣ ባነሩ ላይ መፈክር አለ። ችግኙ ይቆጠራል፣ ቁጥሩ ሪፖርት ላይ ይሰፍራል። ከሥሩ ጋር በላስቲክ የመጣውን አፈር ግን ማንም አይቆጥረውም። አንድ የፓርተኒየም አረም ከ10,000 በላይ ዘር ይሰጣል፤ ዘሩም አፈርና ጎማ ላይ ተጣብቆ ይሄዳል። ተቀባዩ ወረዳ ችግኝ ብሎ ፈርሞ ሲረከብ፣ አረሙን በነፃ ይወስዳል።

ከዚያ ዘመቻ ይታወጃል። በዘመቻ ማን ይበልጠናል! እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም ቆቃ ላይ የታየው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነበር፤ ጣና ላይ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ታየ። በመካከሉ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ የማሰቢያ ጊዜ ነበረን። ጣና ላይ ሲንሰራፋ ግን በሺህ የምንቆጠር ሆነን ውኃ ውስጥ ገብተን በእጃችን ነቀልን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼው ነው።

ይህን ስል ለዘመድ ማንጎ አይወሰድ ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ብዬ እናቶች ፊት መቆም አልችልም። ፍሬው ታጥቦ፣ ነጥብ ያለበት ተለይቶ ይምጣ፤ ቅጠሉ እዚያው ይቅር። ችግኝ ያማረው ከታየና ከተመሰከረለት ጣቢያ ይግዛ። በፌስታል የመጣ ስጦታ ሲሰጠን ደግሞ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ከማለታችን በፊት ቅጠሉን ገልበጥ አድርገን እንይ። ስጦታ ማገላበጥ ነውር ነው የሚሉ ይኖራሉ፤ ሰጪውም ይቀየም ይሆናል። የሰው ኩርፊያ ግን ለፋሲካ በሽማግሌ ይፈታል፤ ነጭ ስኬልን የሚያስታርቅ ሽማግሌ እስካሁን አልሰማሁም።