አገዳ በሹመት ፍራፍሬ ሲሆን

የሩባርብ ፓይ በእንግሊዝና በአሜሪካ ጓዳዎች የሚጋገር፣ የሩባርብ ተክል ኮምጣጣ ቀይ አገዳ በስኳር ተለውሶ በሊጥ የሚጠቀለልበት ጣፋጭ ነው። ጋጋሪዎቹ ስለ ሊጡ ብዙ ይከራከራሉ። ለጥናት የሚያስቸግረው ግን ሊጡ ሳይሆን ውስጡ የተቀመጠው እንግዳ ነው፤ የቀድሞ ሥራው ስለማይወራለት።

የቻይና ሐኪሞች የሩባርብን ሥር ሆድ ለማስቀመጥ ሲያዙት ኖረዋል፤ ይህም ከሺህ ዓመት በላይ የዘለቀ አገልግሎት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሩሲያ መንግሥት የዚህን ሥር ንግድ በእጁ ጠቅልሎ ይዞ፣ ኪያኽታ በተባለችው የድንበር ከተማ ጥራቱን እያስመረመረ ይገዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ደግሞ የኦፒየም ንግድን እንዲያስቆም የተሾመው ቻይናዊው ባለሥልጣን ሊን ዜሹ ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፈው ደብዳቤ፣ የውጭ አገር ሰዎች ያለ ቻይና ሻይና ሩባርብ መኖር እንደማይችሉ አሳስቧል። አንድን ኃያል መንግሥት በሆድ ድርቀት ማስፈራራት በዲፕሎማሲ ታሪክ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። እንግሊዞች መልሳቸውን በጦር መርከብ ላኩ። በንግሥቲቱ ስም የተሰየመ የሩባርብ ዝርያ በጓሯቸው መትከላቸውንም አላቋረጡም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ ኮሶን በስኳር ለውሶ፣ በሊጥ ሸፍኖ ለእንግዳ እንደማቅረብ ያለ ድፍረት ነው። (ለፍትሕ ያህል፣ አገዳው እንደ ሥሩ አይደለም፤ የበላው ሰው ተረጋግቶ መቀመጥ ይችላል።) የሩባርብ የሥጋ ዘመድ የሆነው መቅመቆ በኢትዮጵያ ቅቤ ሲነጠር ይገባል፣ ተፈልቶም ለደም ግፊት ይጠጣል። ማንም ፍራፍሬ ብሎ አልሾመውም።

የሩባርብ ዕድል የተቃናው በስኳር ነው። ስኳር የባለጠጋ ዕቃ በነበረበት ዘመን አገዳውን ዞር ብሎ የሚያየው ጥቂት ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስኳር ሲረክስ ኮምጣጣነቱ ይቅር ተባለለት። በ1817 በለንደኑ የቼልሲ የመድኃኒት ዕፅዋት ሥፍራ የሩባርብ ሥሮች በስህተት አፈር ለብሰው ከረሙና ለስላሳ፣ ጣዕሙ የተሻለ አገዳ አወጡ። ከዚህ ስህተት አንድ ሙሉ የግብርና ዘርፍ ተወለደ። በዮርክሻየር፣ በዌክፊልድና በአካባቢዋ፣ ተክሉ ሁለት ዓመት ሳይቆረጥ በሜዳ ያድጋል፤ ውርጭ ከመታው በኋላ ሞቃትና ጨለማ ወደሆነ መጋዘን ይገባል። ብርሃን ፍለጋ በፍጥነት ሲያድግ እምቡጡ ሲፈነዳ በጆሮ ይሰማል፤ ለቀማውም በሻማ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ሩባርብ በ2010 በስሙና በቦታው ጥበቃ ከሚደረግላቸው ምርቶች መዝገብ አስገብቶታል። ጨለማ ውስጥ ያደገ አትክልት ይህን ያህል ክብር ካገኘ ዘንዳ የሚቀረው የሕግ ማዕረግ ብቻ ነበር።

እሱም ተገኘ። በ1947 በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ የጉምሩክ ፍርድ ቤት ሩባርብ ፍራፍሬ ነው ሲል ወሰነ፤ አገሬው እንደ ፍራፍሬ ስለሚበላው። የፍራፍሬ ቀረጥ ከአትክልቱ ያነሰ ስለነበር አስመጪዎች በሳይንስ ስም አልተቃወሙም። የዚያው አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1893 ቲማቲምን፣ በዕፅዋት ሳይንስ ፍሬ መሆኑን እያወቀ፣ አትክልት ነው ብሎት ነበር፤ ከእራቱ ጋር እንጂ ከእራት በኋላ ስለማይቀርብ። እንግዲህ የተክል ማንነት የሚታወቀው በሥሩም በአበባውም ሳይሆን ማዕድ ላይ በሚወጣበት ሰዓት ነው። ቲማቲም ተሻረ፣ ሩባርብ ተሾመ፤ የሹመት ደብዳቤውም ፓዩ ነው።

ቅጠሉ ግን በሹመቱ አልተካተተም። መርዛማ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሪታንያ ቅጠሉም ለምግብነት ተመክሮ የተመረዙ ሰዎች ነበሩ። ጋጋሪው ቆርጦ ይጥለዋል፤ በዚህ ላይ ሊቃውንቱም ጎረቤቱም ይስማማሉ።

ጋገራው ራሱ ከውሃ ጋር የሚደረግ ሙግት ነው። ከአገዳው ከመቶው ወደ 95 የሚጠጋው ውሃ ሲሆን ስኳሩ ያንን ውሃ እየጎተተ ያወጣዋል። ስለዚህ ለአንድ መካከለኛ ፓይ በሚከተፈው ግማሽ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ በሚሆን አገዳ ላይ፣ ከአንድ ኩባያ የማያንስ ስኳርና ጥቂት የበቆሎ ስታርች ይጨመራል። የሊጡ ቅቤ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ሳይቀልጥ ምድጃ ከገባ እንፋሎቱ ሊጡን በስስ ንብርብር ይለያየዋል፣ በጣት ሙቀት ከቀለጠ ግን ሊጡ ይደርቃል። ላዩ በጥልፍልፍ የሚሠራው ለውበት ይመስላል፤ እንፋሎት መውጫም ነው። አሜሪካውያን ብዙ ጊዜ እንጆሪ ይጨምሩበታል። እንጆሪው፣ እንደሚታየው፣ ለተከሳሹ አገዳ ዋስ ሆኖ የቀረበ ነው።

መሐሉ እስኪንተከተክ ካልተጋገረ ስታርቹ ሥራውን አይጀምርም፤ ከወጣ በኋላም ሦስት ሰዓት ያህል ካልቀዘቀዘ አይረጋም። ይህ ደንብ በየቤቱ ይታወቃል፣ በየቤቱም ይጣሳል። ቸኩሎ የቆረጠ ሰው ሳህኑ ላይ ሮዝ ሾርባና የሚንሳፈፍ ሊጥ ያገኛል። ሾርባ ደግሞ ከምግብ በፊት የሚቀርብ ስለሆነ፣ በሕጉ አካሄድ የሩባርቡ ሹመት ለጊዜው ታግዶ፣ ጉዳዩ በማንኪያ ይታያል።