ጎርፍን በጥር የሚለኩ ሰዎች

እኔ አርጅቻለሁ፤ ባትሰሙኝም አይገርመኝም። ግን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ፣ ወረታ ሳትደርሱ የጉማራን ድልድይ የምትሻገሩ ሁሉ፣ አንድ ጊዜ በመስኮት ወደ ታች ብታዩ ምን ይጎዳችኋል? አታዩም። ስልካችሁን ታያላችሁ። ዘንድሮማ ወንዝም ስልክ ይደውላል አሉ፤ ከድልድይ ስር የሚሰቀል ራዳር መጥቶ ውሃው ስንት እንደደረሰ በኔትወርክ ይልካል። ኔትወርክ ካለ ነው እንግዲህ። ሸረሪት ፊቱ ላይ ድሯን ካላደራች፣ ሌባም የፀሐይ መስታወቱን ለሬዲዮው ካልተመኘው።

በኛ ጊዜ ወንዝ የሚናገረው በሰው አፍ ነበር። ዳር ላይ በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለ ሰሌዳ ይተከላል፤ ጌጅ እንለዋለን። ጠዋት 12 ሰዓት ወርዶ ማንበብ፣ ማታ 12 ሰዓት ወርዶ ማንበብ፣ ደብተር ላይ ማስፈር። ዝናብ ነው አይባል፣ ክርስትና ነው አይባል። ከብቱ ይታከክበታል፣ እረኛው በድንጋይ ይለማመድበታል፣ ደለሉ ቁጥሩን ይሸፍነዋል፤ አጥቦ ማንበብ ነው። የአበሉን ነገር አታንሱብኝ። የሰኔው በጥቅምት ይመጣል፣ ያውም እንደ ወንዙ ጎድሎ።

ማለዳ የማይወርድ ተመልካችም ነበር። ስሙን አልጠራም። ክረምቱን ሙሉ ወንዙን ያነበበው ከመኝታው ነው። በእሱ ደብተር ውሃው ሳምንት ሙሉ ንቅንቅ ሳይል ቆመ፤ በነሐሴ! ተቆጣጣሪው መጣና ደብተሩን አገላበጠ፤ «ጽሑፍህ ንጹሕ ነው» ብሎ አመሰገነው። የኔ ደብተር ጭቃ ስለነካው ተወቀስኩ።

ጎርፍ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም። ጉና ተራራ ላይ ከሰዓት የጣለው ዝናብ በጨለማ ይወርድና ከፍ ብሎ፣ ሳይነጋ ዝቅ ይላል። ጠዋት ስትወርድ የምታገኘው ሳሩ ላይ የቀረውን ጭቃ ነው። እሺ፣ ይህችን ለራዳሩ እተውለታለሁ፤ ሌሊት አይተኛም።

ሥራው የትናንት እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች ከመንግሥታችን ጋር የአባይን ተፋሰስ ያጠኑት በ1950ዎቹ ነው፤ ብዙው ጣቢያ የቆመው ያን ጊዜ ነው። ካይሮ ሮዳ ደሴት ላይ ያለው የድንጋይ ምሰሶማ በፈረንጅ 861 የቆመ ነው። ውሃው 16 ክንድ ሲሞላ ግብር ይጣል ነበር። የማን ክረምት ነው የሚለካው? የኛ! ከጉና የወረደ ዝናብ ጣና ገብቶ፣ በአባይ ተጉዞ፣ ካይሮ ላይ በክንድ ተለክቶ ግብር ያስከፍላል። እዚህ ፎገራ ላይ ያለነው ግን ጎርፍ መምጣቱን የምናውቀው በሬው ሲዋኝ ነው። በ1998 ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም ውሃ ሲተኛባቸው ያየ ሰው ይፍረደኝ።

አሁን ወደ ዋናው ብስጭቴ ልምጣ። ሰሌዳውም ራዳሩም የሚነግሩህ ውሃው የት እንደደረሰ ብቻ ነው። በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚያልፍ ለማወቅ ሰው ካረንት ሜትር ይዞ መውረድ አለበት። ትንሿ መዘውር ውሃው ውስጥ ትሽከረከራለች፣ ዙሯ ተቆጥሮ ፍጥነቱ ይገኛል፣ ጥልቀትና ስፋት ይለካል። ላይ ላዩን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ የውሃ ፊቱ ከውስጡ ይፈጥናል። ይህ ሁሉ በጎደለውም፣ በመካከለኛውም፣ በሞላውም ውሃ ሲደጋገም፣ ከፍታን ወደ ፍሰት የሚመልስ መስመር ይሠራል። ከዚያ ወዲያ ከፍታውን አንብበህ ፍሰቱን ከመስመሩ ታወጣለህ። ሸጋ ጥበብ ነው፤ አልካድኩም።

ግን ለኪዎቹ መቼ ይመጣሉ? በጥር! ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል። ሐምሌ በጀት አልተለቀቀም። ነሐሴ መኪናዋ ጥገና ገብታለች። መስከረም በዓል ነው። ጥቅምት ስብሰባ፣ ኅዳር ሥልጠና። ጥር ላይ ሲደርሱ ጉማራ የለም፤ በሞተር ፓምፕ ተስቦ ሽንኩርት ውስጥ ገብቷል። ቁርጭምጭሚት በማይሸፍን ውሃ ውስጥ የሕይወት ጃኬት ለብሰው ይቆማሉ።

«ልጄ፣ ምን ትሰጥማለህ ብለው ነው?» አልኩት አንዱን።

«አባባ፣ ደንብ ነው።»

«የሙላቱንስ ፍሰት ከየት አመጣችሁት?»

«መስመሩን አስረዝመን።»

ያጠረ ቀሚስ ይረዝማል፤ ወንዝ በማስመሪያ ሲረዝም ያየሁት ያን ቀን ነው። ደግሞስ ውሃው ከዳር ወጥቶ ሩዙ ላይ ሲተኛ፣ በድልድዩ ስር ያላለፈውን ማን ቆጠረው?

ወለሉም አይቀመጥም። ጉና በታረሰ ቁጥር አፈሩ ወርዶ ወለሉን ይሞላዋል፤ በጋ ሲሆን አሸዋ ጫኞች ይቆፍሩታል። ሁለት ሜትር የሚለው ሰሌዳ ዘንድሮም ሁለት ሜትር ይላል፤ ከሥሩ የሚያልፈው ውሃ ግን የድሮው አይደለም። መስመሩን ካላደሱት ራዳሩ በየሩብ ሰዓቱ የሚልከው ስሕተት ነው። እኔ በቀን ሁለቴ ብቻ ነበር የምልክላቸው።

ስለዚህ ለሚመለከታችሁ ሁሉ፦ የነዳጁን ገንዘብ በሰኔ ለብቻው አስቀምጡት፤ ሐምሌ ሲጋመስ ኑ፣ ነሐሴም ድገሙ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ አይዘጋባችሁም። የሕይወት ጃኬቱን እንዳትረሱ፤ ያን ጊዜ ያስፈልጋችኋል።