ክሬዲቱ የት ገባ?

እናንተ ጉልበታችሁን እያሻችሁ ይህችን ዓለም የምትታዘቡ እኩዮቼ፣ ዘንድሮ ደግሞ ምን መጣ መሰላችሁ? ተምረህ አልተማርክም የሚሉት ጉድ!

የልጄ ልጅ እዚህ አሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ኔትወርክ የሚሉትን ነገር ተማረ። ቀን ሥራ፣ ማታ ትምህርት እያለ፣ ዐይኑ ደም መስሎ፣ 60 ክሬዲቱን ሞላና ጋዋኑን ለበሰ። ድፎ ተደፋ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ እልልታው ፎቁን አናጋው። «አባባ፣ የቀረኝ ሁለት ዓመት ነው» አለኝ። ባችለር ለመጨረስ 120 ክሬዲት ነው የሚጠየቀው፤ ሒሳቡ ልክ ነበር። በኛ ጊዜ 60 እና 60 ሲደመር 120 ይሆን ነበር። ዛሬ ይህም ቀርቷል።

አራት ዓመት የሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕቱን ተቀብሎ እንደ እህል በረንዳ ነጋዴ በወንፊት ነፋው። እንግሊዝኛው አለፈ። በአደባባይ ንግግር የማድረግ ትምህርቱም አለፈ፤ ለነገሩ ልጁ እቤት ውስጥ እንዴት አደርክ ቢሉት መልስ የለውም። ራውተር የፈታበት፣ ሰርቨር የገጠመበት፣ ኬብል ጣቱን የላጠበት ትምህርት ግን ግማሹ «ኤሌክቲቭ» ተብሎ ጥግ ተቀመጠ፣ ግማሹ ተጣለ። ቴክኖሎጂ ልማር ብሎ ሄዶ የተጣለበት ቴክኖሎጂው! ሒሳብህ ቴክኒካል ሒሳብ ነው፣ ካልኩለስ ይዘህ ና ተባለ።

ቆይቶ አስረዱን። «አሶሼት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ» የሚባለው ዲግሪ ተመርቆ በቀጥታ ሥራ ለሚገባ ሰው የተሰናዳ ነው፤ «አሶሼት ኦፍ ሳይንስ» ደግሞ ወደ አራት ዓመቱ ለሚሻገር። ሁለቱም 60 ክሬዲት ገደማ፣ ሁለቱም በአንድ ኮሪደር፣ ሁለቱም ያው ጋዋን። ይህን ለልጁ መጀመሪያ ቀን ማን ነገረው? አድቫይዘር የሚሉት ሰው በኮምፒዩተር ብቅ ይልና ሩብ ሰዓት አውርቶ ይሰወራል። ሄደህ በአካል ጠይቅ ብዬ ብቆጣ፣ ቀጠሮውም የሚያዘው በስልክ ነው አለኝ። ይህ ስልክ የሚሉት የሰውን ልጅ አእምሮ በልቶ ጨረሰው! ትናንት ሌሊት በስልኬ ስጎረጉር ሲነጋጋ ያገኘሁትን ልንገራችሁ፦ የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 ትምህርት ቤት የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ ያህል ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። የተከፈለበት፣ እንቅልፍ የታጣበት ክሬዲት!

በኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም. ሲከፈት ክሬዲት የሚል ሰው አልነበረም፤ እኔም ስማርበት አልነበረም። ብረቱን በሞርሳ ነክሰህ፣ በሞረድ ፍቀህ፣ ቶርኖ ላይ ቆመህ ትውላለህ፤ መምህሩ ያየዋል፤ ካልወደደው ይወረውረዋል፣ አለቀ። ብረቱም እንደ ዛሬው ደረቅ አልነበረም። ዝናቡ ራሱ የሚጥለው ከትምህርት ሰዓት ውጭ ነበር። አብረን ከጀመርነው ግማሹ ለፋሲካ ሳይደርስ ተባሮ አገሩ ገባ፤ ክሬዲት የጠፋበት ግን አንድም ሰው የለም። አንዱ ጓደኛዬ ኤሌክትሪክ ተምሮ ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ «ከሀ ጀምር» አሉት፤ እሺ ብሎ ከሀ ጀመረ፣ ማንን አማረረ? የኛ ወረቀት ዓለም ሁሉ የሚያከብረው ወረቀት ነበር። እኔ ራሴ ይዤው አሜሪካ ብመጣ፣ መስኮት ላይ ያለችው ሴትዮ አገላብጣ አይታ በሁለት እጇ ነው የመለሰችልኝ። ከዚያ ታክሲ ነዳሁ።

እውነት ለመናገር፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ደህና ነገር አለ ይላሉ። የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 «አድቫንስ» የሚል መንገድ ጀምረዋል፤ ልጁ ገና ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሳለ እስከ ባችለሩ ድረስ የሚወስደውን ኮርስ አስቀድሞ ያውቃል። የተግባር ዲግሪውን እንዳለ ተቀብለው «ባችለር ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ» ላይ የሚያስቀጥሉ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። ጎረቤት ለጎረቤት ለመነጋገር ኮሚቴና ፊርማ ያስፈልጋል ማለት ነው። እኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ርእሳነ መምህራን በአንድ ስኒ ቡና ይጨርሱት ነበር፤ እርግጥ የኛዎቹ ሁለቱ ተኮራርፈው አንድ መንገድ አይሄዱም ነበር።

እንግዲህ ልጅ ያላችሁ ስሙኝ። ከመመዝገቡ በፊት፣ መጨረሻ የሚሄድበትን ዩኒቨርሲቲ የትኛውን ኮርስ እንደምትቀበሉ በጽሑፍ ስጡኝ ይበል፤ በቃል የተባለ አይያዝም። የዲግሪውን ሙሉ ስም ያንብብ። ከሲ በታች የሆነ ውጤት በአብዛኛው አይሻገርም፣ ስለዚህ ያጥና። «ሲለበስ» የሚሉትን የየኮርሱን ዝርዝር መግለጫ አይጣል፤ ይግባኝ ሲባል የሚጠየቀው እሱ ነው። የኛው ልጅ ሲለበሶቹን ሰብስቦ ይግባኝ ብሏል። ወረቀቱን ቴምብር ለጥፈህ በፖስታ ላክ ብለው እንቢ ብሎ በኢሜይል ላከው። ይኸው እስከ ዛሬ መልስ የለም፤ በፖስታ ቢሆን ኖሮ ደርሶ ነበር።