ወራጅ አለ

ተረት ተረት! የላም በረት!

ኮልፌ፣ አጠና ተራ፣ ከአንድ ጭነት የወረዱ ሁለት የባሕር ዛፍ አጠናዎች ጎረቤታሞች ሆነው ተተከሉ። አንደኛው ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፋ፤ ሌላው ታፔላ ተሸከመ።

ጣሳዋ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነበረች። ወገቧ ዝጓል፣ ጽሑፍ የላትም። የባለጠላ ቤቷ የእትዬ ጠላ ሲደርስ ትወጣለች፣ ጋኑ ሲነጥፍ ትወርዳለች። ታፔላው ግን ቀንም ሌሊትም እየበራ «ሁሉም አለ፦ ክትፎ፣ ዱለት፣ ጥብስ፣ ጁስ» ይላል። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ስትጀምር የከተማው ወሬ ሁሉ ስለ መንገድ ዳርና ስለ ሕንፃ ፊት ሆኖ ነበርና፣ ባለምግብ ቤቱ ጋሼም ለበግና ለቅቤ የያዙትን ብር ደጃፋቸው ላይ ሰቀሉት።

«አንቺ ዝገታም፣» አላት ታፔላው፤ «ለእኔ በየዓመቱ ለመንግሥት ይከፈልልኛል። አንቺን ማን ያነብሻል?»

«የጠማው፣» አለች ጣሳ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሰው የጎረፈው ወደ ታፔላው ነው። የእትዬ ደጅ ጭቃ ነበራ! እሳቸውም አኩርፈው አልተቀመጡም፤ «እግር እንዲገባ ደጅ ይጠረጋል» ብለው ጠጠር አስደፉ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀቡ፣ ጣሳዋን በአመድ ፈትገው መልሰው ሰቀሏት።

አንድ ሐሙስ፣ አጠና ሲያወርድ የዋለ ወጣት ታፔላውን አንብቦ ገባ።

«ክትፎ?»
«አልቋል።»
«ዱለት?»
«ዛሬ አልተሠራም።»
«እሺ ጥብስ?»
«ሽሮ ይሁንልህ?»

ወጥቶ ቀና ሲል ታፔላው አሁንም ይበራል፤ ሁሉም አለ። በማግስቱ ለጓደኞቹ አወራ። አጠና ተራ ላይ ደግሞ ወሬ ከአጠና ይረዝማል።

በዚያው ሳምንት የእትዬ ጋን ነጠፈ፤ ጣሳዋም ወረደች። ደንበኞች ከሩቅ አይተው በሩ ድረስ ሳይደክሙ ተመለሱ። እንደገና ስትወጣ ግን ማንም «አለ ወይ?» ብሎ አልጠየቀም፤ ገብቶ ተቀመጠ። መውረዷን ያየ መውጣቷን አመነ።

አንድ ማታ ታፔላው ባዶ ወንበሮች ላይ እያበራ «ምን ጎደለኝ?» አለ።

የተሸከመው አጠና መለሰለት፦ «እኔና ወንድሜ የአንድ ደን ልጆች ነን፣ ሸክማችንን እናወራለን። የእሱ ጣሳ ሲያልቅባት ትወርዳለች። አንተ ሲያልቅብህም ትበራለህ።»

የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ፣ ሥራው አልቆ ማዕረጉ አልወርድ ያለውን ሲያይ «ሁሉም አለ!» ብሎ ይስቃል።

ያን ማታ ግን ከ18 ማዞሪያ የመጣ ታክሲ ሲደርስ፣ ከውስጥ አንድ ድምፅ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ጣሳዋ ደንገጥ ብላ ጋኑ ነጥፎ እንደሆነ ወደ እትዬ ቤት አየች። ታፔላው ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት መብራቱን ጨመረ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።